የፈርዖን ጦር በጎጃም በረንዳ

ለውድ ወንድሜ መስፍን፣

ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ሩታስ እንዴት ናት? ልጃችሁ ጸሎትስ አደገች? አማርኛውን እንዳትረሳ አደራ። የካይሮው ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አምላክ ይመስገን፣ በአካል ሁላችንም ደህና ነን። በአካል ያልኩህ በምክንያት ነውና ተረጋግተህ አንብበው። ሰሞኑን ደጋግመህ ስትደውል ያላነሳነው ረስተንህ አይደለም። ነገሩ የመጣው በአባባ የቆርቆሮ ወታደሮች ነው።

አንተ ስትሄድ አባባ ከምን አለሽ ተራ በሚያመጡት የቆርቆሮ ቁራጭ ጥቂት ሰረገሎች ነበር የሠሩት። ዛሬ ሳሎኑን ሞልተውታል። እሳቸው ይቆርጣሉ፣ ይበይዳሉ፤ እኔ ቀለም እቀባለሁ፤ እማዬ ለወታደሮቹ ከአሮጌ ነጠላ የራስ መሸፈኛ ትሰፋለች፤ ልጄ ሃናዬ ደግሞ የጨዋታውን ሕግ ከኢንተርኔት አውጥታ ዳኛችን ሆናለች። ከሙዚየም እያነሳህ የላክህላቸውን የሰረገላ ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፈው መንኮራኩሩን ሁሉ እንደ አዲስ ሠሩት። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዳይስ እየጣልን የፈርዖንን ጦር ከኬጢያውያን ጋር እናዋጋለን። የሱቅ ጎረቤቴ ናኢማም አትቀርም።

ባለፈው ቅዳሜ የጓሮ ጎረቤታችን ጋሽ ዘውገ መሰላል ሊዋሱ ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ፈርዖንና ኬጢያውያን የተዋጉበት የቃዴስ ጦርነት ተሰልፏል፤ መሃሉ ላይ እኔ ሰማያዊ የቀባሁት ወንዝ፣ ግራና ቀኙ ወታደር። ትኩር ብለው አዩና "ይሄ ዓባይ ነው?" አሉ። አባባ ስቀው "የለም፣ የሶርያ ወንዝ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሆነ ጦርነት ነው" አሏቸው። ጋሽ ዘውገ ግን አልሳቁም። ወደ ግድግዳው ዞረው "ይሄንንስ ፎቶ ማን ላከው?" ሲሉ፣ እማዬ በኩራት "መስፍን ነዋ፣ ከካይሮ!" አለቻቸው። መሰላሉን ሳይወስዱ ወጡ።

ሰኞ ሱቅ ስከፍት ወሬው ቀድሞኛል። የዘወትር ደንበኛዬ ፊቷን አዙራ አለፈችኝ። ናኢማ ጎትታ አስገብታ ስልኳን አሳየችኝ። ጠረጴዛችን በመስኮት በኩል ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ይዞራል፤ ከሥሩም "እዚህ ሰፈር ለግብፅ የሚሠራ ቤት አለ፣ ልጃቸው ካይሮ ነው" ይላል። ያን ጊዜ ነው አንተ የደወልከው። ቁጥርህን አይቼ ስልኩን ደፋሁት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጎረምሶች በራችን ላይ ተሰበሰቡ። ጣሪያችን ላይ ድንጋይ አረፈ። እማዬ ወታደሮቹን በፌስታል እየዛቀች "ሽንት ቤት ክተቷቸው! ልጄን ሊያስበሉብኝ ነው!" ትላለች። አባባ ፌስታሉን ቀምተው "ከጣልናቸውማ አመንን ማለት ነው" አሉ። እኔ በሩን በጀርባዬ ደግፌ ቆሜያለሁ።

በዚህ መሃል የናኢማ ድምፅ ተሰማኝ። ሱቋን ጥላ መጥታ በሩ ላይ ተገትራለች። "ሰላይ ከፈለጋችሁ እኔን ያዙኝ! ፈርዖንን እሁድ እሁድ የማዋጋው እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን እንኳ አላሸነፍኩም!" አንዳንዱ ሳቀ። አንዱ ግን "እንግዲያው ይከፈትና እንየው!" ብሎ ጮኸ። አባባ ትከሻዬን ይዘው ፈቀቅ አደረጉኝና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። "ግቡ፣ ጫማችሁን ግን ጥረጉ" አሉ።

ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ገቡ። ድንጋይ በእጁ የያዘው ልጅ አንድ ሰረገላ አንስቶ ገለበጠው፤ ከሥሩ የሳልሳው ጣሳ ጽሑፍ አሁንም ይነበባል። ቀስ ብሎ መለሰና አንገቱን ደፍቶ ወጣ። መጨረሻ የገቡት ጋሽ ዘውገ ናቸው። ይቅርታ አላሉም። ጠረጴዛውን ዞር ዞር ብለው አዩና "ታዲያ ማን አሸነፈ?" አሉ። አባባም "ማንም። ሁለቱም ነገሥታት አገራቸው ገብተው፣ እኔ ነኝ ያሸነፍኩት አሉ" ብለው መለሱላቸው።

ፎቶው ግን አሁንም ይዞራል። ትናንት ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ሴት "ያቺ ናት" ብላ ጠቆመችኝ። ስለዚህ ነው ይህን ሁሉ በስልክ ሳይሆን ወደ ካይሮ በሚመለሰው በጓደኛህ በፍቃዱ እጅ የላክሁልህ። እማዬ "ለጊዜው አይደውል በይው" ብላኝ፣ እኔም እንደዚያው ልጽፍልህ ጀምሬ ነበር። አባባ ሲሰሙ ተቆጡ። "ልጄ ቤቱ ለመደወል የሚፈራ ከሆነ እኔ በሩን ለምን ከፈትኩት?" አሉኝ።

እናም ወንድሜ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ደውል። ድምፁን ከፍ አድርገን፣ በሩንም ከፍተን ነው የምናነጋግርህ። አልዋሽህም፣ እኔ አሁንም እፈራለሁ። ስልኩን ግን የማነሳው እኔ ነኝ።

አባባ የጸሎትን ግንባር ሳምልኝ ብለዋል። እማዬ ለሩታ የላከችውን በርበሬ ከፍቃዱ ተቀበል። ሃና "አጎቴን ሳሚልኝ" ትላለች። ናኢማም ሁላችሁንም ሰላም ብላለች።

የምትወድህ እህትህ
ሠርኬ ማስረሻ
አዲስ ከተማ፣ ጎጃም በረንዳ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.