ስለ ቡናማው ውሻ የተናገርኩት

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እኅቴ፣

እታለም፣ ይህ ወረቀት አንቺንም እማማንም፣ ባልሽንም ልጆቹንም በደህና ያግኛችሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል? እማማ የዓይኗ ሞራ ተገፎ ደህና ማየት ጀመረች ወይስ ዛሬም ሰውን በድምፁ ነው የምትለየው? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? ትንሹስ የወለቀ ጥርሱ በቀለለት? ባልሽ ያ የወገቡ ሕመም ተሻለው ወይስ እንደ ልማዱ «ምንም አላመመኝም» እያለ ጎበጥ ብሎ ይሄዳል? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ደህና አይደለም፤ እሱን ልጽፍልሽ ነው የተቀመጥኩት። ረዘም ስለሚል ሥራሽን ጨርሰሽ አንብቢው።

ባለፈው ደብዳቤሽ «ቁርጡን ንገሪኝ፣ ውሻ ነው የምትጠብቂው ወይስ ቴሌቪዥን ላይ ነው የምትሠሪው?» ብለሽኝ ነበር። ሁለቱም ነው። የምሠራው ባለቤት ያጡ ውሾችና ድመቶች የሚጠለሉበት ግቢ ውስጥ ነው። ጠዋት በረኪና በውኃ በጥብጬ የሲሚንቶውን ወለል አጥባለሁ፣ ብርድ ልብሶቹን አሰጣለሁ፣ ሳህኖቹን እሞላለሁ። ሽታው ከፀጉሬ ስለማይለቅ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሁለት ፌርማታ ሳይሄድ ቀስ ብሎ ቦታ ይቀይራል። ያሉን ክፍሎች አርባ ናቸው፣ ውሾቹ ከስድሳ በላይ። አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም። ቦታ የለም ተብሎ ከበር የተመለሰው የት እንደሚደርስ ኃላፊያችን አትጠይቅም፤ እኛም አንጠይቅም።

ታዲያ ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ከመካከላቸው አንዱን ይዤ ወደ ከተማው ትንሽዬ ቴሌቪዥን ጣቢያ እሄዳለሁ። ጣቢያው ከጎማ መሸጫው በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ከተበላሸ ስለቆየ ያረጀ ውሻ ከሆነ ተሸክሜው ነው የምወጣው። የሚሰጡኝ አራት ደቂቃ ነው፤ ከአየር ጠባዩ በኋላ፣ ከምግብ አብሳዩ በፊት። ምግብ አብሳዩ ተራው ሳይደርስ ሥጋ መጥበስ ስለሚጀምር ውሾቼ በሙሉ ካሜራውን ትተው ወደ ምድጃው ነው የሚያዩት። ተመልካቹ ግን «ዓይን አፋር ነው፣ ሲያሳዝን!» ይላል። ጥቁር ውሻ በካሜራ ደህና ስለማይታይ ነጭ አንሶላ አነጥፍለታለሁ። ከዋዜማው አጥበዋለሁ፣ አበጥረዋለሁ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ሻሽ አስርለታለሁ። እኔ ወደ ግቢው ሳልመለስ ስልኩ መጮኽ ይጀምራል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰማንያ የሚሆኑ በዚህ መንገድ ቤት አግኝተዋል።

ሰውን እንዲደውል የሚያደርገው ግን ሻሹ አይደለም፣ ወሬው ነው። አንቺ ታውቂኛለሽ። በልጅነቴ ተልኬ ስመለስ መንገድ ላይ ያየሁትን ድመት ነብር አድርጌ ነበር የማወራው። አንቺ ደግሞ «ይህችን ልጅ ግማሹን ቀንሳችሁ ስሟት» እያልሽ ታስቂብኝ ነበር። እዚህ ግን የሚቀንስልኝ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ባጣፈጥኩት ቁጥር አጨበጨቡልኝ።

አንድ ያረጀ ውሻ ነበረን። አፉ ዙሪያ የሸበተ፣ የኋላ እግሩን የሚያነክስ። ስሙን የነገረን ስለሌለ በቀለሙ ቡናማው እንለዋለን። ብንጠራው ዞር አይልም፤ ስለዚህ ደንቆሮ ነው ብለን ተስማማን፤ ቴሌቪዥን ላይም እንዲሁ እል ነበር። ሲመጣ የተሞላው ቅጽ ላይ «ባለቤቱ አይፈልገውም» ከሚል በቀር ምንም የለም። እኔ የዚያን ቀን ሥራ ላይ እንኳ አልነበርኩም። ስምንት ወር ሙሉ ተቀመጠ። ሦስት ጊዜ ቴሌቪዥን ላይ አቀረብኩት፣ አንድ ሰው አልደወለም። ለአራተኛው ስንዘጋጅ ኃላፊዋ «ይሄ የመጨረሻው ነው» አለችኝ። የመጨረሻ ማለት የሞት መርፌ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ ካሜራው ፊት ተቀመጥኩና እንዲህ አልኩ። የዚህ ውሻ ጌታ በመኪና አምጥቶ እበራችን ላይ አወረደው። የመኪናውን በር ዘግቶ፣ አንዴ እንኳ ዞር ብሎ ሳያየው ሄደ። ውሻው ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ ያንን በር ሲያይ ሰነበተ። የዝግጅቱ አቅራቢ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። እኔም አለቀስኩ፤ እታለም ሙች፣ ራሴ ፈጥሬ ራሴ አለቀስኩ። ስልኩ ሲንጫረር ዋለ። በማግሥቱ ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት መጥተው ወሰዱት። ያን ቀን ግቢው ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ነው የዋልኩት።

ሳምንት ሳይሞላ ከአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ተንከባካቢዋ ደወለችልኝ። እዚያ ያሉ አንድ አባት ሊያዩኝ እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። ድመት የሚፈልጉ መስሎኝ የድመቶቹን ፎቶ በፖስታ ይዤ፣ ፈገግ እያልኩ ሄድኩልሽ። ክፍላቸው አልጋ፣ አንድ ወንበርና የመራመጃ ብረት ብቻ ናት። ራስጌያቸው ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ፎቶ አለ። ፎቶው ላይ ያለው ቡናማው ነው፤ ሳይሸብት፣ ምላሱን አውጥቶ።

«ስሙ መከታ ነው» አሉኝ። «ደንቆሮ አይደለም። በስሙ የሚጠራው አጥቶ ነው።»

መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ኖሯል። አምቡላንስ ሲወስዳቸው ውሻው እስከ ዋናው መንገድ ተከትሎ ሮጠ። እሳቸው ቃሬዛው ላይ እንዳሉ፣ ያ ሁሉ ሕመም እያለባቸው፣ አንገታቸውን አቅንተው እስኪሰወር ድረስ በኋላ መስኮት ሲያዩት ነበር። ልጃቸው ውሻውን እኛ ጋ አስረክቦ፣ ለአባቱ ግን ሰፊ ግቢ ያለው ጓደኛዬ ጋ ነው፣ ደልቶታል አላቸው። ውሻው እኛ ጋ መሆኑን የሰሙት ከእኔ አፍ ነው፤ በጋራ መቀመጫው ክፍል ቴሌቪዥን፣ ሠላሳ ሰው ባለበት። ያን ፎቶ የማያውቅ እዚያ ቤት የለም። ከዚያች ቀን ወዲህ ምሳ ላይ እሳቸው ጠረጴዛ ዘንድ የሚቀመጥ ጠፋ። አንዲት ሴትዮ ፊት ለፊት «ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለዎት?» ብለዋቸዋል።

«ጥዬው ስሄድ አይተሽኛል?» ብለው ጠየቁኝ። አላየሁም አልኳቸው። «ታዲያ ማን ነገረሽ?» ማንም አልኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቢጮኹብኝ ይቀለኝ ነበር፤ ድምፃቸውን ከፍ እንኳ አላደረጉም። ቤታቸው ለሌላ ሰው ተከራይቷል፣ መኖሪያው እንስሳ አያስገባም፤ ውሻውን መልሼ ልውሰድ አላሉም። ልጃቸውንም ክፉ አልተናገሩትም። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። «በዚያው ቴሌቪዥን፣ በዚያው አፍሽ፣ አልጣለውም በዪልኝ።» እላለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ወጣሁ። አንቺ ጎረቤት ስናማ «ሰውየው እዚህ ተቀምጦ ቢሆን ይህን ትይው ነበር?» የምትይው አውቶቡሱ ውስጥ ጆሮዬ ላይ ሲጮኽብኝ ነበር የሄድኩት።

መጀመሪያ ለወሰዱት ሰዎች ደውዬ ስሙ መከታ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሴትየዋ በጨዋ ደንብ አዳመጠችኝና ልጆቹ ሌላ ስም እንዳወጡለት፣ አሁን ቢቀየር ግራ እንደሚጋቡ ነገረችኝ። ሲጠሩት ዞር ይላል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ደንቆሮ ነው ብለሽን የለ እንዴ?» አለች።

የቴሌቪዥን ዝግጅቱ አዘጋጅ ደግሞ ነገሩን ስነግራት ወረቀቷን እየሰበሰበች፣ ሰው ጠዋት ጠዋት ደስ የሚል ነገር እንጂ ማስተባበያ አይፈልግም አለችኝ። ኃላፊያችን የባሰ አለችኝ። አንዱን ፈጥሬ አወራሁ ካልሽ ስለ ሌሎቹ ማን ያምንሻል? አራቱን ደቂቃ ካጣን በዓመት አርባ ውሻ የት ልናደርስ ነው? እሷ ክፉ ሰው አይደለችም። የተናገረችው ሁሉ ልክ ነው፤ ያስቸገረኝም እሱ ነው።

ቢሆንም ልናገር ቆርጬ ገባሁ። የያዝኩት አንድ ዓይን ያላትን ድመት ነበር። ስለ እሷ የማወራውን ስጨርስ አቅራቢው ሠላሳ ሰከንድ እንደቀረን በጣቱ አሳየኝ። አፌን ከፈትኩ። እታለም፣ ካሜራው ላይ ያለችውን ቀይ መብራት አየኋት። «ስልካችን ከታች ይታያል፣ ደውሉልን» አልኩ። ድመቷን እኩለ ቀን ሳይሆን ወሰዷት።

ከሰዓት ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ተንከባካቢዋ ኮሪደር ላይ አቁማ የሆነውን ነገረችኝ። ጠዋት፣ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ተላጭተው፣ ሰዉን አንድ በአንድ «ዛሬ ስለ እኔ ይነገራልና ኑልኝ» ብለው ጠርተው ኖሯል። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ድመቷ አለፈች፣ ምግብ አብሳዩ መጣ፣ ሰዉ አንድ በአንድ ተነሥቶ ሄደ። እኔ ስገባ ኮታቸውን አላወለቁም ነበር። ገና ሲያዩኝ «ሰዓቱ አጠረሽ መሰለኝ» አሉኝ። አዎ፣ ሰዓቱ አጠረኝ አልኳቸው። ሰዓቱ አላጠረኝም። ሠላሳ ሰከንድ ሙሉ ነበረኝ፤ ለሳቸው የሚበቃው ዐሥር ነበር።

በሚቀጥለው ረቡዕ ማንንም ሳላስፈቅድ፣ ገና ሰላም እንደተባልኩ ጀመርኩ። ስለ ቡናማው ውሻ የተናገርኩት ውሸት ነው፤ ባለቤቱ ታመው እንጂ ጨክነው አልተለዩትም፤ ስሙም መከታ ነው አልኩ። የአቅራቢው ፈገግታ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። አዘጋጇ ከመስታወቱ ጀርባ እጇን ስታወናጭፍ አያታለሁ። ወዲያው ወደ ምግብ አብሳዩ ዞሩ። ይዤው መጥቼ ነጩ አንሶላ ላይ ላስቀመጥኩት ጥቁር ውሻ ያ ጠዋት የመጨረሻ ዕድሉ ነበር፤ ስለ እሱ አንድ ቃል ሳልናገር ይዤው ወረድኩ። ግቢው ሳልደርስ ጣቢያው ለኃላፊዋ ደውሎ፣ ከእንግዲህ አትምጡ ብሏል። አላባረረችኝም። «ቱቦሽን ያዢ» ብቻ ብላኝ ገባች። ጥቁሩ ውሻ ያለበትን ክፍል እያጠብኩ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

እንደጨረስኩ ወደ መኖሪያው በረርኩ። ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ናቸው። ለካስ ያን ጠዋት ወደ ጋራ ክፍሉ ሳይወርዱ ቀርተዋል፤ ሌላ ጊዜ መዋረድ አልፈለጉም። ተናገርኩ አልኳቸው። ቀና ብለው «ሰው ነበረ?» አሉኝ። መግቢያው ላይ ተንከባካቢዋን ጠይቄ ስለነበር አውቀዋለሁ። ክፍሉ ሞልቶ ነበር፣ ሁሉም አለቀሱ ማለት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ እንዴት አድርጌ እንደማወራው እንኳ ታየኝ። ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ አንደኛው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር አልኳቸው። «የነቃው ማን ነው?» አሉ። ሹራብ የሚሠሩት ሴትዮ ናቸው አልኩ። «እሷ ጆሮዋ አይሰማም» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ምሳ ሲደወል ደግፌ አወረድኳቸው። ሁሉም ሲቀመጥ መሃል ላይ ቆምኩና፣ ያለ ሻሽ፣ ያለ እንባ፣ ያንኑ ደገምኩት። ዋሽቻለሁ፣ እሳቸው ውሻቸውን አልጣሉም አልኩ። ማንኪያው መንኳኳቱን አላቆመም። «አንጀት» ያሏቸው ሴትዮ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ጨው አቀብዪኝ» አሉኝ። አቀበልኳቸው። ከዚያ ከሽማግሌው ፊት ለፊት ባለው ባዶ ወንበር ተቀመጥኩ፤ አብረን በላን።

ለጎረቤት «እኅቴ ቴሌቪዥን ላይ ናት» ማለቱን ተዪው። ለምን ተወች ቢሉሽ፣ ዋሽታ ሰው ጎድታ ነው በያቸው። አታለሳልሺልኝ።

እማማን ጉልበቷን ስመሽ፣ ይህን ሳታሳጥሪ አንብቢላት። ባልሽን አክብሮቴን ንገሪልኝ፤ ወገቡንም ሐኪም ይየው። ትልቋን ልጅሽን አይዞሽ በርቺ በያት። ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ የውሻ ፎቶ ላኪልኝ ላለው፣ የጥቁሩን ውሻ ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬለታለሁ። ፎቶውን ለሰው ያሳይ። የሚወስደው እስካሁን አልተገኘም።

ታናሽሽ

ከመጠለያው ዕቃ ቤት፣ ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን