አሮጊቷን ለማንም አልሰጥም

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ።

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለኝም። ጽሕፈቱ የባልደረባዬ ነው፤ እኔ አልጋ ላይ ተንፈላስሼ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ሰው አንዴ ቢንቀባረር ምን አለበት?

ዋልዶርፍ በሚባለው የትምህርት ዘይቤ የሚያስተምሩ መዋዕለ ሕፃናት አሻንጉሊት አጫዋቾች ከየአገሩ ተሰብስበን ለልጆች ትርዒት እያሳየን ነው። መቼም እንደምታውቂው፣ የእኛ አጫዋች መጋረጃ ጀርባ አይደበቅም፤ ጠረጴዛው ላይ እጁ ለሁሉም ይታያል። ትናንት ከበግ ፀጉር የሠራኋትን አሮጊት በሰማያዊ ሐር የተሠራውን ወንዝ ሳሻግራት ትንሽ ተንቀጠቀጠች። ስንጨርስ ሰብሳቢያችን ጠጋ ብላ፣ «ነገ አሮጊቷን ለሌላ ስጪና አንቺ የመክፈቻውን ደወል ምቺ» አትለኝም?

«አሮጊት ካልተንቀጠቀጠች ማን ይንቀጥቀጥ?» አልኳት። እኔ በቁሜ አሮጊቴን ለማንም አልሰጥም!

ዛሬም እኔው ይዣት ወጣሁ። ወንዙ መሃል ስንደርስ ግን ባሰባት። ይሄኔ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሕፃን ብድግ ብላ መጣችና፣ «አይዞሽ እማማ» አለቻት። አሻንጉሊቷን አልነካችም፤ የእኔን የእጅ አንጓ ነው በሁለት እጇ ደገፍ ያደረገችው። አብረን አሻገርናት። ነገም እኔው ነኝ!

ለልጆቹም ለጎረቤቱም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እማዬ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ያቃታት በስንት ዓመቷ ነበር? እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው።

ፊርማዋን ግን ራሴው ፈርሜያታለሁ። ብትጣመምም የእኔው ናት።

እልኸኛዋ ታናሽሽ