አባባ ከእኔ የሚደብቀው ሕመም

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፦

እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ እንቅልፍ አጥቼ ዓይኔ ማበጡን ሳልቆጥር ነው። አባባም አለ። ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤቱ ይሁን» ብለው ከሸኙት ወዲህ አልጋውን ሳሎን መስኮቱ ሥር አድርገንለታል።

አስቀድሜ ግን በሆዴ ያለውን ላውጣው። በሚስትህ ቀንቻለሁ። አትሳቅ!

ነርሷ መጥታ ክንዱ ላይ ከቆዳው ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብታ ለጠፈችለት። ሕመሙ ሲነሳበት ማስታገሻውን በስሪንጅ ቀድተን በቱቦው እንድንሰጠው እኔንም ሚስትህንም አስተማረችን። እኔ ከትኬት ቢሮው ፈቃድ ወስጄ ቀኑን ሙሉ ከጎኑ ነኝ። ሚስትህ ከልብስ ስፌቷ የምትመጣው አመሻሽ ላይ ነው። ታዲያ አባባ ከእኔ ጋር ሲውል መልሱ ሁሉ «ደህና ነኝ» ነው። እሷ ስትመጣ ግን ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ልጄ፣ መጣሽልኝ? አመመኝ እኮ» ይላታል። እሷም መርፌ ውስጥ ክር እንደምታስገባ አንድ ዓይኗን ጨፍና ስሪንጁን በመብራቱ ታየውና ትሰጠዋለች። ወዲያው «ተባረኪ!» ይከተላል። እኔ ሳጥበው፣ ሳገላብጠው፣ ከንፈሩን ሳረጥብለት ውዬ እጄ አመድ አፋሽ!

መጀመሪያ ላይ እንኳ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር። ከእኔ ጋር ሲሆን አያመውም፣ የሚሞላቀቀው እሷ ስትመጣ ነው ብዬ። እያደር ግን አንጀቴ አረረ። ሐሙስ ዕለት ወጥ ቤት አገኘኋትና «አባቴን ምን አስነክተሽው ነው?» አልኳት። መቼም ሚስትህን ታውቃታለህ፤ አልጮኸችም። «አንቺ እኮ ከመስጠትሽ በፊት ትመረምሪዋለሽ» አለችኝ። «‹እውነት አሞሃል? ትንሽ አትታገስም?› ትይዋለሽ። እጅሽ ሲንቀጠቀጥም ያያል። ‹ሰጥታኝ ብሞት እኔ ነኝ የገደልኩት ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ትቃጠላለች፤ አንቺ እስክትመጪ ልቻለው› ብሎኛል።»

ወንድሜ፣ ለካ ቀኑን ሙሉ ለእኔ ሲል ጥርሱን ነክሶ ነው የሚውለው። እኔ ደግሞ ተሻለው ብዬ ተደስቼ መጋረጃ ሳጥብ!

በማግስቱ ነርሷን ጠየቅኳት። በታዘዘው ልክ እስከሰጠሽው ድረስ የሚገድለው በሽታው እንጂ አንቺ አይደለሽም አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ግንባሩ ሲቋጠር አየሁና ምንም ሳልጠይቅ ቀድቼ ሰጠሁት። እጄ ተንቀጥቅጧል፣ አልዋሽህም። አባባ ትክ ብሎ አየኝና ዓይኑን ጨፈነ። ሚስትህ ስትመጣ ተኝቶ አገኘችው፤ እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ። ያም ሆኖ ሲነቃ የጠራው እሷን ነው፤ አሁንም ቆሽቴ አረረ።

አባባ «በርታ በሉልኝ» ብሎሃል። ሚስትህ ሰላም ትልሃለች፤ ናፍቆቷን ራሷ ትጻፍልህ እንጂ እኔ አላደርስላትም። አክስታችንም ያለህበት አገር ብርድ ነው ወይ እያለች ስለ አንተ መጠየቅ አልተወችም። አብሮህ ለሚኖረው ለዚያ ቀልደኛ ጓደኛህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርህ። በደወልክ ቁጥር ሚስትህን «አባቴን አደራ» ትላታለህ፤ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። እስቲ አንድ ቀን እኔንም አደራ በለኝ።

እህትህ
ከአባባ አልጋ አጠገብ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 7 ቀን