ጀማልና ትንሹ ደሴት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ልደታ

የምንሄድበትን ደሴት ዛሬ መረጥን። መረጥኩ ብል ይሻላል።

ባሌ ጀማል ከመኪና አደጋው ወዲህ ከቤት መውጣት ትቷል። ሐኪሙ መዋኘት እግርህን ያጠነክርልሃል ቢለውም፣ ሲያነክስ ሰው እንዳያየው ብሎ ሱቁን እንኳ ለእኔ ጥሎታል። ለሃያኛ ዓመት ጋብቻችን ካሪቢያን ሄደን እንረፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ሜክሲኮ አደባባይ ወዳለ የጉዞ ወኪል ቢሮ በግድ ይዤው ሄድኩ።

እዚያ የምትሠራው ልጅ ሁለት ቦታ አሳየችን። አንዱ ሙዚቃና ሕዝብ የሞላበት ትልቅ ሆቴል ነው። ሌላው በጀልባ የሚደረስበት ትንሽ ደሴት ነው፤ መኪና የለበትም፣ ጎጆዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት ዋና ያስተምራሉ።

ጀማል የደሴቱን ፎቶ ብዙ አየና፣ "እዚህ ተኝቼ ባሕሩን ባይ አይበቃኝም?" አለ።

"መተኛትማ ልደታም ተኝተሃል" አልኩት።

"ሰው ያየኛል እኮ፣ ዘይነብ" አለኝ ቀስ ብሎ።

"እኔም መዋኘት አልችልም፤ አብረን እንንቦጫረቃለን።"

ሳቀ። ከአደጋው ወዲህ ሰው ፊት ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ወዲያው ልጅቷን፣ "ትንሹን ደሴት ያዥልን" አልኳት።

ስንወጣ ታክሲ ልጠራ ስል፣ "እስከ ቤት በእግራችን እንሂድ" አለ። መንገድ ላይ ጎረቤቶች ሲያገኙን ቆሞ ሰላም አላቸው፤ እንዳይታይ አልተሸሸገም።

ባሕሩን ግን እኔ ነኝ የፈራሁት። ገና አልነገርኩትም።