የረቡዕና የዓርብ ምሳ፤ የአቶ መርዕድ ገብረሕይወት የሕይወት ታሪክ

አቶ መርዕድ ገብረሕይወት ከአባታቸው ከአቶ ገብረሕይወት ወልደማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ በላይነሽ ተክሌ በ1945 ዓ.ም. አሰላ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ለሥራ ከመንዝ ተነሥተው አሰላ የገቡ አናጺ ነበሩ። በሰፈሩ ጠብ በተነሣ ቁጥር አቶ መርዕድ "መጤ" የሚለውን ቃል እየሰሙ አደጉ። ቃሉ የት ላይ እንደሚያም ያውቁ ነበር።

ትምህርታቸውን እዚያው ተከታተሉ። የታሪክ መምህራቸው ህንዳዊ ነበሩ። እኒህ መምህር አንድ ቀን የአገራቸውን ካርታ ሰሌዳው ላይ ሥለው፣ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ውስጥ የሚገባ ቀስት አሰመሩበት። የጥንት ሰዎች ፈረሳቸውንና ቋንቋቸውን ይዘው በዚህ በኩል ወደ ህንድ ገቡ ይባላል አሉ። ቀጥለውም "ቀስቱን ለፈተና ያዙት፤ እኔ ግን አላምንበትም" ብለው ጠመኔውን አስቀመጡ። አቶ መርዕድ ፈተናውን አለፉ። ቀስቱ ግን ከልባቸው ሳይወጣ ቀረ።

በ1971 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ተሰደው በ1975 ዓ.ም. አትላንታ ገቡ። መጀመሪያ ፓርኪንግ ሠሩ፤ ኋላም በአንድ ሆስፒታል በሽተኞችን በዊልቸር ለማመላለስ ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ በዚያው አገለገሉ። በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ አበዛሽ ኃይሉ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ዮናታንንና ሚካኤላን ወለዱ፤ ስቶን ማውንቴን ቤት ገዝተው ልጆቻቸውን አሳደጉ።

የሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ባለሙያ ከሆኑት ከሚስተር ኩልካርኒ ጋር ያስተዋወቃቸው ጾም ነው። ሚስተር ኩልካርኒ ፑኔ ከምትባል የህንድ ከተማ የመጡ ሂንዱ ናቸው፤ ሥጋ አይበሉም። አቶ መርዕድም ረቡዕና ዓርብ አይበሉም። በእነዚህ ቀናት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ የአንዱን ሽሮ ከሌላው ምስር ጋር እየተካፈሉ ብዙ ዓመት በሉ። ወሬያቸው ያው የመምህሩ ቀስት ነበር። አቶ መርዕድ ሰዎቹ ከውጭ ገብተዋል ይላሉ። ሚስተር ኩልካርኒ የለም፣ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበሩ፤ እንዲያውም ቋንቋው ከህንድ ወጥቶ ነው ወደ ሌላው ዓለም የተዛመተው ይላሉ። ሁለቱም መኪና ውስጥ ሌክቸር እያዳመጡ፣ ለምሳ አዲስ ማስረጃ ይዘው ይመጣሉ። አንድ ጊዜ በህንድ ከአንድ ጥንታዊ ከተማ መቃብር የወጣ የአንዲት ሴት አጽም ዲኤንኤ ተመርምሮ፣ ከሰሜን መጡ የሚባሉት ሰዎች ዘር አልተገኘበትም ተባለ። አቶ መርዕድ "አየህ፣ እሷ ከሞተች በኋላ ነው የገቡት" አሉ። ሚስተር ኩልካርኒ ደግሞ "አየህ፣ እሷ ራሷ አያታችን ናት" አሉ።

"እስቲ ሴትዮዋን ተዋት፣ ይህን ያህል ሺህ ዓመት ተኝታ በምሳ ሰዓት ትቀሰቅሳታለህ?" አሉ አቶ መርዕድ።

"የቀሰቀስካት አንተ ነህ፤ እኔ ሰላምታ ነው ያቀረብኩላት።"

በ2014 ዓ.ም. ሚካኤላ ከኬኔሶ ዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ቤት ውስጥ ድግስ ተደረገ። አቶ መርዕድ ወዳጃቸውን ለእንግዳው ሲያስተዋውቁ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ "ይሄ ወንድሜ ነው። የእሱም አያቶች እንደኛ መጤዎች ናቸው፤ እነሱ በፈረስ፣ እኛ በአውሮፕላን" አሉ። ቤቱ ሳቀ። ሚስተር ኩልካርኒ ሳህናቸውን አስቀመጡ። "የአባትህ ቤት የአንተ አይደለም ያሉኝ ብዙ ናቸው። ከአንተ አልጠበቅሁም" ብለው ወጡ። አቶ መርዕድ በፍቅር የተናገሩት ነበር። ቃሉን ግን ያውቁታል።

ከዚያ ወዲህ ስልክ ቢደውሉ የሚያነሣ አልነበረም። ሚካኤላ "አባዬ፣ ቴክስት አድርገውና ሶሪ በለው በቃ" ስትላቸው፣ "በቴክስት ሽማግሌ አይላክም ልጄ" ይሏት ነበር። ቅዳሴ አላስታጎሉም። ወደ ቁርባን ግን ወይዘሮ አበዛሽ ብቻቸውን ይቀርቡ ጀመር።

በ2017 ዓ.ም. የጉበት ካንሰር ተገኘባቸው። ሕክምናው ሲያበቃ ቤታቸው ተኙ። የንስሐ አባታቸው ቀሲስ ኤርሚያስ መጥተው፣ "እንግዲህ ሥጋ ወደሙን ይቀበሉ፤ የቀረዎት ምንድን ነው?" አሏቸው።

"አባቴ፣ የተቀየምኩት የለም። ያስቀየምኩት ግን አለ።"

"ሰውየው ክርስቲያን አይደሉም እኮ።"

"ወንጌሉ ወንድምህ ያዘነብህ እንደሆነ ነው የሚለው። የማን አማኝ ነው ብሎ አይጠይቅም።"

ቀሲስ ኤርሚያስም በማግስቱ ከደብሩ ምእመናን አቶ ተገኝንና አቶ ሀብታሙን አስከትለው ሚስተር ኩልካርኒ ቤት ሽምግልና ሄዱ። ሦስቱም ነጠላ ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ። ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ ቢባሉ፣ እንደ ሥርዓታችን "የመጣንበትን እሺ ካላሉን አንቀመጥም" አሉ። የሚስተር ኩልካርኒ ባለቤት አይተው አይተው፣ "ይቅርታ፣ ልጃችን አግብታለች፤ ሁለት ልጆችም አሏት" አሏቸው። አቶ ተገኝ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ሚስተር ኩልካርኒ ጉዳዩን ሲሰሙ ግን አልሳቁም። "ይህን ያህል ታሟል?" ብለው ብቻ ጠየቁ።

ዓርብ ጥቅምት 21 ቀን ምስር በዕቃ ይዘው መጡ። ማንም ሳይነግራቸው ጫማቸውን በሩ ላይ አወለቁ። አቶ መርዕድ ይቅርታ ጠየቋቸው።

"ሐሳቤን አልቀየርኩም" አሉ ሚስተር ኩልካርኒ።

"እኔም አልቀየርኩም። ያንን ቃል ነው የምመልሰው።"

ሚስተር ኩልካርኒ አልጋው አጠገብ ብዙ ተቀመጡ። በኋላም፣ "በእኛ አገር በጥንት ዘመን ወታደር ሆነው የኖሩ፣ እዚያው የተቀበሩ ሐበሾች አሉ። መቃብራቸው ጋ ሰው አበባ ያኖራል። ከየት መጣችሁ ብሎ ሲጠይቃቸው አልሰማሁም" አሉ። አቶ መርዕድ ከምስሩ በማንኪያ ጥቂት ቀመሱ። ከዚያ በኋላ የበሉት ብዙ የለም።

እሑድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ተወሰዱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው በዊልቸር ሲገፉ የኖሩትን አቶ መርዕድን እስከ ደጀ ሰላሙ የገፏቸው ሚስተር ኩልካርኒ ናቸው። እሳቸው ደጅ ቆዩ። አቶ መርዕድ ከወይዘሮ አበዛሽ ጋር ቆረቡ። ማክሰኞ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. በ72 ዓመታቸው ቤተሰባቸው እንደከበባቸው ዐረፉ።

ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አበዛሽ፣ ከልጆቻቸው ከዮናታንና ከሚካኤላ ቀጥሎ፣ ወንድም በሚባለው ቦታ የሚስተር ኩልካርኒ ስም እንዲጻፍ የነገሩን ራሳቸው አቶ መርዕድ ናቸው። ዛሬ አስከሬናቸውን ከሚሸከሙት አንዱም እሳቸው ናቸው።

መጡም ተባለ ሄዱ፣ ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን።

ከቀብር መልስ እዝን የሚቀመሰው በሟች ቤት ነው። ዕለቱ ዓርብ ስለሆነ ምግቡ የጾም ነው። ሚስተር ኩልካርኒ አብረውን ይበላሉ።