በእናቴ ስም የሰጠሁት ደም

እማምዬ፣

ከተለየሽን አሥራ አራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽንም አውጥተናል። ሙቀት ሲመጣ ግቢ የምናወጣልሽን አልጋ ዘንድሮ ማንም አላነሳውም፤ እዚያው ጥጉ ላይ እንደቆመ ነው። የጎረቤታችን የሃሊማ ፍየሎች አሁንም አጥር ጥሰው ፓፓያሽን ይግጣሉ፤ እንዳንቺ የሚረግማቸው ግን ጠፋ። ሃሊማ ራሷ፣ ወላሂ እርግማኗ ናፈቀኝ ትላለች።

ይህን ሁሉ የምዘባርቀው ዋናውን ነገር መናገር ፈርቼ ነው።

ያን ቀን ትንፋሽ ሲያጥርሽ በጋሪ ሆስፒታል አደረስኩሽ። ሐኪሙ፣ የአረጋዊ ሕመም ፊቱ ላይ አይታይም፣ ቀድሞ የሚናገረው ደሙ ነው፤ ማን መተኛት እንዳለበት፣ ማን ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ከሱ አያለሁ አለ። አንቺ ደግሞ የአሮጊት ደም ከወጣ አይተካም ብለሽ እጅሽን ነጠላሽ ውስጥ ደበቅሽ። አለቀስሽ። ልቅሶሽን አልቻልኩትም። ደም የሚወስደው ድሬሰር መርፌውንና ደም የሚቀባበትን መስታወት አስቀምጦ ወደ ሌላ በሽተኛ ሲሮጥ፣ እኔ ሞኙ የራሴን አውራ ጣት ወጋሁ። ካንቺ ሥጋ የወጣሁ ነኝ፣ ደሜ ከደምሽ በምን ይለያል ብዬ ነው። ድሬሰሩም ሲመለስ ባልደረባው የወሰደልሽ መስሎት መስታወቱን ይዞ ሄደ።

ሐኪሙ ደስ አለው። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ደም ያላት ሴት አያሰጋትም ብሎ የሳል ሽሮፕ ሰጥቶ ሸኘን። ቀኑን ሙሉ ከባቡር ጆንያ የሚያወርድ የጎልማሳ ደም ነበራ ያየው። በጋሪው ላይ አውራ ጣቴን ስመሽ መረቅሽኝ፤ ከመርፌ ያዳነኝ ልጄ አልሽኝ። በሦስተኛው ቀን ሞትሽ።

ሰዉ ሁሉ ዕድሜዋ ነው እያለ አጽናናኝ። እኔም ያደረግሁትን ደበቅኩ።

ባለፈው ወር እህትሽ አሰለፈች ከመልካ ጀብዱ ታማ መጣች። ሆስፒታል ስናደርሳት እሷም እንዳንቺ እጇን ደበቀች፤ ወንድሞቼም ተዋት፣ አታስጨንቃት አሉ። ያኔ ሁሉም ባሉበት ያደረግሁትን ተናገርኩ። አክስቴ ጣቷን ለድሬሰሩ ዘረጋች። ደሟ ክፉ ነው ተባለ። አስተኟት፤ ዳነች። እኔን ግን እስከ ዛሬ አታናግረኝም። እውነቷን ነው።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ እሺ ማለትሽ አይቀርማ፣ እሱን አልችለውም። ጣቴ ወዲያው ነው የዳነው፤ ጠባሳ እንኳ የለውም። የሳምሽበትን ቦታ ግን እስክሞት አልረሳውም።

ልጅሽ ተሾመ