የአባባ ፎቶ በነፍሰ ገዳዩ ግድግዳ ላይ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ሻል አለው? ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናቸው? ይልቁንም እማዬ እንዴት ናት? ጉልበቷ ደረጃ መውጣት እንደከለከላት ነው ወይስ ለቀቅ አደረጋት? እኔ ሰውነቴ ደህና ነው። አንጀቴ ግን አሯል፤ ላንተ ካልነገርኩት ለማን ልናገር ብዬ ብዕር አነሣሁ።

የማጸዳው ስቱዲዮ ልጆችህ የሚወዱት የዚያ የሚበረው ጀግና ተከታታይ ፊልም የሚቀረጽበት መሆኑን ታውቃለህ። ልብስ በምንቀይርበት ክፍል፣ በሣጥኔ በር ላይ የአባባን ፎቶ ለጥፌ ነበር፤ መጋዙን ይዞ የሚስቅበትን፣ ያለንን ብቸኛውን። ባለፈው ወር ከቦታው አጣሁት። መጥረጊያዬ ያልገባበት ጥግ አልቀረም። ወድቆ እኔው ራሴ ከቆሻሻ ጋር ጥዬው ይሆናል እያልኩ ራሴን ስረግም ከረምኩ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ የስቱዲዮው ልብስ ሰፊ ስልኳን ይዛ መጣች። የፊልሙ አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ተመልካቾች "ያላያችኋቸው ምስጢሮች" እያሉ በየጥጉ የተደበቀውን ለቅመው ይዘረዝራሉ፤ የታክሲው ታርጋ የጀግናው የልደት ቀን ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት የቆመው እናቱ በሞተችበት ደቂቃ ነው፣ እንዲህ እንዲህ። "ይሄ ሰውዬ አንቺን አይመስልም?" አለችኝ።

አባባ ነው። የፊልሙ ነፍሰ ገዳይ የገደላቸውን ሰዎች ፎቶ በሚደረድርበት ግድግዳ ላይ፣ ፊቱ በቀይ ቀለም ተሰርዞ። ከሥሩ "ቁጥር አሥራ አራት፦ መጋዝ የያዘው ሽማግሌ የነፍሰ ገዳዩ አባት ሳይሆን አይቀርም፤ ጥርሱን እዩት" ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ በታች ሳቅ ብቻ።

ግድግዳውን ያሰናዳው የዕቃ ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ። ባለቤት የሌለው አሮጌ ፎቶ መስሎት እንደወሰደው ነገረኝ። "ደግሞ የሚታየው አንዲት ሰከንድ ነው፤ ማን ያየዋል?" አለኝ፣ አፉን በዳቦ ሞልቶ። ከሣጥን በር ላይ የተነቀለ ፎቶ እንዴት ባለቤት ያጣል አልኩት። ከካርቶን ውስጥ አውጥቶ መለሰልኝ፤ ቀለሙ ይጠረግ ቢባል የአባባን ፊት ይዞ የሚሄድ ነው። ለማባበያ ዋናው ተዋናይ የፈረመበት ፖስተር ጨመረልኝ። እዚያው ፊቱ፣ የራሱ ቅርጫት ውስጥ ከተትኩት። ቅርጫቱን የምደፋው እኔው መሆኔ ትዝ ያለኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። እስካሁን አልደፋሁትም።

ከዚያ በልብስ ሰፊዋ ስልክ ከዝርዝሩ ሥር ጻፍኩ፤ ይህ ሰው አናጺ የነበረ አባቴ ነው፣ ሳያስፈቅዱን ነው የወሰዱት፣ እባካችሁ አንሡልን ብዬ። በማግስቱ ስንከፍተው ዝርዝሩ በአንድ ጨምሯል። "ቁጥር አሥራ አምስት፦ ሽማግሌው የስቱዲዮው ጽዳት ሠራተኛ አባት ናቸው፤ ይህን ያውቁ ነበር?" ይላል። ወንድም ጋሼ፣ ሰው እንዲህ ያስጠላኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ልጆችህ አይተውት ከሆነና አያታቸውን ከለዩት፣ እውነቱን ካንተ አፍ ይስሙት። ለእማዬ ግን ፎቶው ጠፋ በልልኝ። የተሰረዘ ፊቱን ከምታይ የጠፋውን ትፈልግ።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ባለቤትህን በጣም ናፍቀሻታል በልልኝ፤ ትልቋን ልጅህን፣ መንታዎቹንም አንድ በአንድ፣ ሳታዳላ ሳምልኝ።

እህትህ
ከስቱዲዮው የመጥረጊያ ክፍል፣ ቅዳሜ ኅዳር ፳ ቀን